የታይሚንግ ቺንጋ ታሪክ፤ ከፋብሪካ እስከ ግቢ

ደኅና ሲሠራ የዋለ ሞተር፣ አስቀድሞ አንዳች የድካም ምልክት ሳያሳይ፣ በጉዞ መካከል ቀጥ ይላል። ሾፌሩ ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞርም ሞተሩ ከወትሮው ቀልሎ ከመሽከርከር በቀር አይነሣም። ነዳጅ አለ፤ ባትሪው ብርቱ ነው፤ ካንዴላዎቹም ደኅና ናቸው። መካኒኩ በሞተሩ ግንባር ያለውን የፕላስቲክ ክዳን ፈትቶ ሲመለከት ግን ጥርሶቹ የረገፉ ወይም ከመካከሉ የተበጠሰ አንድ የጎማ ቀበቶ ያገኛል። ይህም በየጋራዡ «ታይሚንግ ቺንጋ» እየተባለ የሚጠራው ጥርሳም ቀበቶ ነው።

የቀበቶው ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ሞተሮች ውስጥ ቀበቶው በተበጠሰበት ቅጽበት ክፍት ሆነው የቀሩት ቫልቮች ወደ ላይ ከሚወጣው ፒስቶን ጋር ይጋጫሉ። ከዚህም የተነሣ በጥቂት ሰዓት ሊያልቅ ይችል የነበረው ሥራ ቴስታታ ወደማውረድና ቫልቮችን ወደመለወጥ፣ አልፎ አልፎም ሞተሩን በሙሉ ወደመጣል ይደርሳል። ለመሆኑ ይህን የመሰለ ተበጣሽ ዕቃ በብረታ ብረት መካከል እንዴት ሊገባ ቻለ? ጠንካራው ሰንሰለት እያለ ጎማ ስለምን ተመረጠ? ቀበቶውንስ በጊዜው የመለወጡ ኃላፊነት በማን ላይ ወደቀ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ነገሩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሁለት ዘንጎች ስምምነት

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 ባለ አራት ምት ሞተርን ለሥራ ሲያበቃ፣ ከእርሱ በኋላ ለመጡት መሐንዲሶች ሁሉ አንድ ችግር አብሮ አውርሷቸዋል። በዚህ ሞተር ፒስቶኑ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ የሳበውን ያምቃል፤ በቃጠሎው ኃይል ተገፍቶ ይወርዳል፤ በመጨረሻም የተቃጠለውን ጋዝ ያስወጣል። እነዚህ አራት ሥራዎች የሚፈጸሙት ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ዙር እስኪዞር ድረስ ሲሆን፣ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቮች ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የሚከፈቱት አንዳንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚከፍተው ካም ሻፍት፣ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ መዞር ይኖርበታል። የፍጥነቱ ግማሽ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ የሁለቱ ዘንጎች መነሻም ከተወሰነው ቦታ ፈቀቅ ማለት የለበትም።

ነገሩን ከሸማኔ ሥራ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። ሸማኔው እግሩ ድሩን ከፍቶ ሳይጨርስ እጁ መወርወሪያውን ቢለቅ መወርወሪያው ከድሩ ጋር ተጋጭቶ ክሩን ይበጥሳል። በሞተርም ውስጥ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስቶኑ ከደረሰ የሚከተለው ይኸው ነው። ልዩነቱ ሞተሩ ይህን ሥራ የሚደጋግምበት ብዛት ነው። በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 100,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 2,000 ሰዓት ይፈጅበታል። ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ በአማካይ 2,500 ጊዜ ይዞራል ቢባል በዚያ ጊዜ ውስጥ 300 ሚሊዮን ዙር ሲዞር ካም ሻፍቱ 150 ሚሊዮን ዙር ይዞራል። በዚህ ሁሉ ዙር ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃ አንዲት ጥርስ እንኳ እንዲዘል አይፈቀድለትም።

ጥርስ፣ ዘንግና ሰንሰለት

የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ቀላል ነበር። ካም ሻፍቱን ከክራንክ ሻፍቱ አጠገብ አስቀምጠው ሁለቱን በጥርሳም ማርሽ አገናኟቸው። በ1908 የወጣው የፎርድ «ሞዴል ቲ» በዚህ መንገድ የተሠራ ነበር፤ በአገራችን መንገዶች ላይ ብዙ ዘመን የኖረው ቮልስዋገንም ከኋላው በተሸከመው ሞተር ውስጥ ካም ሻፍቱን የሚያዞረው በማርሽ ነው። ማርሽ ሞተሩ እስካለ ድረስ ሊያገለግል ይችላል፤ ነገር ግን ከባድ ነው፤ ድምፅም አለው፤ ሁለቱ ዘንጎች ሲራራቁም አያመችም።

መራራቃቸው ደግሞ የማይቀር ሆነ። ሞተር በከፍተኛ ፍጥነት እንዲዞር ሲፈለግ ካም ሻፍቱ ወደ ላይ ወጥቶ በቴስታታው ላይ፣ ከቫልቮቹ አጠገብ መቀመጥ ነበረበት። በ1912 የፈረንሳይን ግራን ፕሪ ያሸነፈው የፔዦ መኪና በቴስታታው ላይ ሁለት ካም ሻፍቶች ነበሩት፤ የሚያዞራቸውም ከታች ወደ ላይ የቆመ ዘንግና በጫፎቹ ያሉት ማርሾች ነበሩ። ይህ አሠራር ለእሽቅድድም የሚስማማ ሆኖ ሳለ በዋጋው ምክንያት ለተራው ሕዝብ መኪና የሚሆን አልነበረም።

ለብዙ ዓመታት መካከለኛ መንገድ ሆኖ የቆየው ሰንሰለት ነው። በስዊዘርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሬኖልድ በ1880 ዛሬም በብስክሌት ላይ የሚታየውን የሮለር ሰንሰለት አስመዘገበ። ከዚህ የተወለዱት ሰንሰለቶች በሞተር ውስጥ ገብተው ለረጅም ዘመን አገልግለዋል፤ በ1948 የወጣውን የጃጓር ሞተር ሁለት ካም ሻፍቶች ያዞር የነበረውም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት በዘይት ውስጥ ይኖራል። ሲያረጅ መገጣጠሚያዎቹ ይበሉና ይረዝማል፤ ሲረዝምም ይላላል። የላላ ሰንሰለት በተለይ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ ይንኳኳል። ይህ ድምፅ ለባለ መኪናው የሚያስጠላ ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ሰንሰለቱ ከመበጠሱ በፊት ለወራት ያህል ስለ ራሱ ይናገር ነበር።

ከስፌት መኪና ወደ ሞተር

በቀበቶ ኃይልን ማስተላለፍ ከሞተር በፊት የነበረ ጥበብ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበሩት ፋብሪካዎች ማሽኖቻቸውን ያዞሩ የነበሩት በቆዳ ቀበቶዎች ነበር። የአውቶሞቢልን ቬንትሌተርና ዲናሞ የሚያዞረውም ቀበቶ ነው፤ በአገራችን መካኒኮች አፍ የሚነገረው «ቺንጋ» የሚለው ስምም ከጣልያንኛው ቃል የመጣ ነው። እነዚህ ቀበቶዎች ሁሉ ግን አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ጥቂት ይንሸራተታሉ። ቬንትሌተር ጥቂት ቢዘገይ የሚጎዳ ነገር የለም። ካም ሻፍት ከዘገየ ግን ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ቀበቶ ለዚህ ሥራ ሊታጭ የሚችለው መንሸራተቱ ከቀረለት ብቻ ነበር።

ይህን ያስቀረው በ1940ዎቹ በአሜሪካ በጊልመር ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሪቻርድ ኬስ ነው። ኬስ በቀበቶው የውስጥ ገጽ ላይ ጥርሶች አወጣ፤ ፑሊውም ጥርሶቹን የሚቀበሉ ጎድጓዶች እንዲኖሩት አደረገ። ቀበቶው የታሰበለትም ሥራ የመኪና ሞተር ሳይሆን የልብስ ስፌት መኪና ነበር። በሲንገር የተሰፋ ልብስ ያልለበሰ ሰው በአገራችን ጥቂት ነውና ነገሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም። መርፌው ወርዶ ክሩን ይዞ ሲመለስ ከታች ያለው መንጠቆ በዚያው ቅጽበት ደርሶ ክሩን መያዝ አለበት፤ ቢዘገይ ስፌቱ ይዘላል፤ ከተጋጩም መርፌው ይሰበራል። ጥርሳሙ ቀበቶ ላይኛውንና ታችኛውን ዘንግ ያለ መንሸራተት፣ ያለ ዘይትና ያለ ጫጫታ አገናኛቸው።

ከስፌት መኪና ወደ አውቶሞቢል የተደረገው ሽግግር የጀመረው በእሽቅድድም ሰዎች ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ቢል ዴቪን የተባለ አሜሪካዊ መኪና ሠሪ በትንሿ የፓናር ሞተር ላይ ካም ሻፍቱን በጊልመር ቀበቶ እያዞረ ለውድድር አቀረበ። በብዛት ተሠርቶ ለገበያ የዋለው የመጀመሪያው ባለ ጥርሳም ቀበቶ መኪና ግን በ1962 ማምረቱ የተጀመረው ጀርመናዊው «ግላስ 1004» ነው። የሃንስ ግላስ ኩባንያ በባቫሪያ በምትገኘው በዲንጎልፊንግ ከተማ የእርሻ መሣሪያ ሲሠራ የኖረ፣ ኋላም «ጎጎሞቢል» በተባለችው ትንሽ መኪና የታወቀ ድርጅት ነበር። የሞተሩ መሐንዲስ ሌዮንሃርት ኢሺንገር ካም ሻፍቱን በቴስታታው ላይ አስቀምጦ በጎማ ቀበቶ ሲያዞረው፣ ከእርሱ እጅግ የሚበልጡት ኩባንያዎች ገና ያልደፈሩትን ሥራ ፈጽሟል። ኩባንያው ራሱ ብዙ አልቆየም፤ በ1966 ቢ ኤም ደብልዩ ጠቀለለው።

የዚህ ቀበቶ አሠራር በአጭሩ ሲገለጽ ሦስት ክፍሎች አሉት። በውስጡ እንዳይሳብ የሚያደርጉት የመስታወት ጭረት ገመዶች አሉ፤ እነዚህን የሚያቅፍና ጥርሶቹን የሚሠራ ሰው ሠራሽ ጎማ አለ፤ ጥርሶቹንም ከመበላት የሚጠብቅ የናይለን ጨርቅ ይሸፍናቸዋል። ቀላል ነው፤ ዝምተኛ ነው፤ ለማምረትም ርካሽ ነው። ዘይት ስለማይፈልግ በሞተሩ ውጭ በቀላል ክዳን ሥር ይቀመጣል። በአንጻሩም ዘይት ሲነካው ይበሰብሳል፤ ሙቀት ያደርቀዋል፤ መኪናው ቆሞ ቢውል እንኳ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። ከሁሉም በላይ፣ እንደ ሰንሰለት አይንኳኳም። ዝም እንዳለ ኖሮ ዝም እንዳለ ይበጠሳል።

የ1966 ዓመት

የቀበቶው ዘመን በእርግጥ የጀመረው በ1966 ነው ማለት ይቻላል። በአሜሪካ፣ ጆን ዴሎሪያን ይመራው የነበረው የፖንቲያክ ክፍል በዚያ ዓመት ሞዴሎቹ ላይ በመስታወት ጭረት በተጠናከረ ቀበቶ የሚሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አወጣ። በኢጣልያም ቀድሞ በፌራሪ ቤት ታዋቂ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት 124 ስፖርት የሠራው ባለ ሁለት ካም ሻፍት ሞተር በጥርሳም ቀበቶ የሚዞር ነበር። በ1969 የወጣው ፊያት 128 ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ተራው ቤተሰብ መኪና አወረደው። ከዚያ በኋላ ፎርድ በ1970፣ አውዲ በ1972 እየተከተሉ ቀበቶን ተቀበሉ። በ1976 የጎልፍ ናፍጣ ሞተር ሲወጣ፣ እመቃው ከ20 እጥፍ በላይ በሆነና ፒስቶኑ ከቫልቩ እጅግ በሚቀራረብበት ሞተር ላይ እንኳ ቀበቶ ታምኖ ገባ።

ፋብሪካዎቹ በዚህ ምርጫ ተጠቅመዋል፤ ገዢውም ጸጥ ያለና ዋጋው የቀነሰ ሞተር አግኝቷል። ነገር ግን አንድ ግዴታ ሳይታወቅ ከፋብሪካው ወደ ገዢው ተሻገረ። ማርሽ የሞተሩን ዕድሜ ያህል እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነበር። ቀበቶ ግን እንደ ዘይትና እንደ ጎማ በተወሰነ ርቀትና ዕድሜ መለወጥ ያለበት ዕቃ ሆነ፤ ይህም ርቀት በቀደሙት ሞተሮች 60,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ሙቀትን የሚችል የተሻለ ጎማ ከገባ በኋላ በብዙዎቹ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ብሏል። መኪናው ማስጠንቀቂያ ስለማይሰጥ ይህን የሚያስታውሰው ሰው ወይም መዝገብ መሆን ነበረበት።

በዚያው በ1966 ሌላ ነገርም ተወልዷል። ጆን ሄይንስ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል ባልደረባ ከቀይ ባሕር ማዶ በኤደን ሳለ አንድ ጓደኛው አሮጌ የኦስቲን ሂሊ ስፕራይት መኪና ይገዛል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለተራ ሰው የማይረዳ ሆኖ ስላገኙት ሄይንስ መኪናውን ከጓደኛው ጋር ፈትቶ ሲገጥም እያንዳንዱን እርምጃ በፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚህም ሥራ በ1966 የመጀመሪያው የሄይንስ የጥገና መጽሐፍ ታተመ። በእነዚህ መጻሕፍት ምክንያት በእንግሊዝና በሌሎችም አገሮች ብዙ ባለ መኪናዎች ጋራዥ ሳይሄዱ በቤታቸው ደጃፍ መሥራትን ተማሩ። በጊዜው መለወጥ ያለበት ቀበቶና ለዋጩን የሚያስተምረው መጽሐፍ በአንድ ዓመት መገናኘታቸው አጋጣሚ ቢሆንም፣ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ተለያይተው አያውቁም።

ከላዳ እስከ ላንድክሩዘር

ጥርሳሙ ቀበቶ ወደ አገራችን የገባው በአንድ በር አይደለም። ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በዚያው በ1966 ባደረገው ውል መሠረት በቶሊያቲ ከተማ በተሠራው ፋብሪካ ከ1970 ጀምሮ የወጡት ላዳዎች ከፊያት 124 የተወለዱ ናቸው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ያገለገሉት የዚሁ ዘር መኪናዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ላዳዎች ካም ሻፍት የሚዞረው በሰንሰለት ነበር። በ1980 ገደማ የመጣው የ2105 ሞተር ግን በጥርሳም ቀበቶ የሚሠራ ሲሆን፣ መሐንዲሶቹ አንድ አስተዋይ ጥንቃቄ አድርገዋል፤ ቀበቶው ቢበጠስ ቫልቮቹ እንዳይጋጩ በፒስቶኖቹ ራስ ላይ ጎድጓዳ ቦታ አበጅተዋል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በተሠሩት የቶዮታ ኮሮላ መኪናዎች ላይ የሚገኘው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተርም ቀበቶው ሲበጠስ መኪናውን ያቆመዋል እንጂ ቫልቮቹን አያጣምምም።

የናፍጣ ሞተር ጉዳይ የተለየ ነው። በገጠር መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ሞተር ከ1990 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ሲሆን ካም ሻፍቱንና የነዳጅ ፓምፑን የሚያዞረው በጥርሳም ቀበቶ ነው። እመቃው 22 እጥፍ ያህል በመሆኑ በፒስቶኑና በቫልቩ መካከል የሚተርፍ ቦታ የለም። ሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ በዳሽቦርዱ ላይ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት አኖሩ፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ይህች መብራት ዝምተኛው ቀበቶ አንደበት እንዲያገኝ የተደረገች ሙከራ ናት። ሆኖም መብራቷ የምትቆጥረው ርቀትን ብቻ ነው። ቀበቶው በዕድሜ መድረቁን አታውቅም፤ ቀበቶው ሳይለወጥ መብራቷን ብቻ ያጠፋም ሰው ቢኖር አታሳብቅም።

የአገራችን ዋና ችግር እዚህ ላይ ይታያል። ብዙው መኪና በሌላ አገር አገልግሎ የመጣ ነው። ቀበቶው መቼ እንደተለወጠ የሚገልጸው መዝገብ አብሮት አይመጣም፤ ቢመጣም ገዢው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ይሆናል፤ ርቀት መቁጠሪያውም ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ አዲሱ ባለቤት ከነዕዳው የተረከበውን ቀበቶ ዕድሜ ሳያውቅ ይነዳል።

ሥራው በግቢ ሲሠራ

ቀበቶን በግቢ ውስጥ መለወጥ የሚቻል ሥራ ነው። የሚጠይቀው ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ነው። ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይፈታል። ከፊያት 128 ወዲህ አብዛኞቹ ትንንሽ መኪናዎች ሞተራቸው በአግድም የተቀመጠ ስለሆነ ቀበቶው የሚገኘው በአንደኛው የፊት ጎማ በኩል ነው። በመሆኑም መኪናው በክሪክ ከተነሣ በኋላ በጽኑ መቆሚያ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር መግባት የብዙ ሰው ሕይወት አጥፍቷል። ጎማው፣ የዲናሞው ቺንጋና የክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ወጥተው ክዳኑ ሲነሣ ቀበቶው ይታያል።

የሥራው ልብ የምልክቶቹ መገጣጠም ነው። ፋብሪካው በእያንዳንዱ ጥርሳም ፑሊና ከጀርባው ባለው የሞተር አካል ላይ ምልክት አኑሯል። አሮጌው ቀበቶ ከመውጣቱ በፊት ሞተሩ በእጅ፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ተዙሮ የ1ኛው ሲሊንደር ፒስቶን በእመቃው ጫፍ ላይ ሲደርስ ምልክቶቹ ሁሉ በየቦታቸው ይገጥማሉ። ከዚያ በኋላ ቀበቶው እስኪመለስ ድረስ አንዱንም ዘንግ ማዞር አይገባም። የአንዲት ጥርስ ስሕተት ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የካም ሻፍቱ ፑሊ 40 ጥርስ ቢኖረው አንዷ ጥርስ 9 ዲግሪ ናት፤ ይህም በክራንክ ሻፍቱ ሲለካ 18 ዲግሪ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሞተር ቢነሣ እንኳ ኃይል ያጣል፤ ነዳጅ ይበላል፤ በአንዳንዶቹም ቫልቭ ይነካል።

መጽሐፍ በማይገኝበት ቦታ መካኒኮቻችን የፈጠሩት ዘዴ አለ። አሮጌው ቀበቶ ሳይወጣ ቀበቶውንና ፑሊዎቹን በቀለም ምልክት ያደርጉና ጥርሶቹን ቆጥረው ምልክቱን ወደ አዲሱ ያሸጋግሩታል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ብዙ መኪናም አድኗል። ጉድለቱ ከፊተኛው ሰው ስሕተት ጋር አብሮ መሄዱ ነው። አሮጌው ቀበቶ አንድ ጥርስ ተዛንፎ ገብቶ ከነበረ አዲሱም እንደዚያው ተዛንፎ ይገባል። ስለዚህ የቀለሙ ምልክት ከፋብሪካው ምልክት ጋር መመሳከር ይኖርበታል።

ከቀበቶው ጋር የሚለወጡት ዕቃዎች ነገርም ብዙ ጊዜ ክርክር ያስነሣል። የመወጠሪያው ኩሽኔታ እንደ ቀበቶው ያንኑ ርቀት ዞሯል፤ እርሱ ከነከሰ አዲሱ ቀበቶ በጥቂት ደቂቃ ይበጠሳል። እንደ ሆንዳ ዲ ባሉት ሞተሮች የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቀበቶ ስለሆነ ፓምፑ ኋላ ቢያፈስ ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል። በክራንክ ሻፍቱና በካም ሻፍቱ ጫፍ ያሉት የዘይት ሲሎች ካረጁም ዘይቱ አዲሱን ቀበቶ ያበሰብሰዋል። ለእነዚህ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ቀበቶውን ብቻ መለወጥ፣ በብዙ ጋራዦች እንደታየው፣ ቁጠባው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው።

የውጥረቱ ልክም የራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞዎቹ የቮልስዋገንና የአውዲ ሞተሮች ላይ ሠራተኛው ቀበቶውን በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በጣቱ ይዞ ሲጠመዝዘው 90 ዲግሪ ያህል ከዞረ በቂ ነው ይባል ነበር። ከመጠን በላይ የተወጠረ ቀበቶ እያፏጨ ኩሽኔታዎችን ይገድላል፤ የላላም ጥርስ ይዘላል። በኋላ ዘመን በሞተሮቹ ላይ ራሳቸው የሚወጥሩ መወጠሪያዎችና ዘንጎቹን የሚቆልፉ ልዩ መሣሪያዎች ሲመጡ ልኩ ከጣት ወደ መሣሪያ ተላለፈ፤ ሥራውም ከግቢ ወደ ጋራዥ መመለስ ጀመረ።

ሁሉ ከተገጠመ በኋላ አንድ የማይታለፍ ፈተና አለ። ሞተሩ በመነሻ ሞተር ሳይሆን በእጅ፣ በቁልፍ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ካም ሻፍቱ አንድ ዙር ጨርሶ ምልክቶቹ ሁሉ ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። በመካከል ጠንካራ ነገር ቢከለክል ቫልቭና ፒስቶን ተገናኝተዋል ማለት ነውና ሥራው ቆሞ ከመጀመሪያው መታየት ይኖርበታል። በእጅ የተገኘ ስሕተት የሚያስከፍለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ያው ስሕተት በመነሻ ሞተር ቢገኝ ግን ዋጋው ቴስታታ ነው።

የሰንሰለት መመለስና የሚቀረው ግዴታ

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ወደ ሰንሰለት ተመልሰዋል። ኮሮላን ያንቀሳቅሱ የነበሩትን ባለ ቀበቶ ሞተሮች የተኩት የቶዮታ ሞተሮች ባለ ሰንሰለት ናቸው፤ በ1999 የወጣችውና ዛሬ አዲስ አበባን የሞላችው ቪትዝም እንዲሁ። ገዢዎች በየጊዜው የሚጠየቁትን ወጪ አልወደዱትም፤ ሰንሰለቶቹም ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጸጥ ያሉ ሆነው ተሠሩ። ይሁን እንጂ ዘመናዊው ሰንሰለት የሚወጠረው በሞተሩ ዘይት ግፊት ስለሆነ ዘይቱን በጊዜው የማይለውጥ ባለ መኪና ይህንንም ያበላሸዋል። በ2010ዎቹ በአውሮፓ በተሠሩ አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቀበቶው በዘይት ውስጥ እንዲሠራ ተደርጎ ተሞከረ። በተግባር ሲታይ ግን ባልተስማማ ዘይትና በቃጠሎ ቅሪት ምክንያት የሚፈርሰው ጎማ የዘይት ማጣሪያውን እየደፈነ ሞተሮችን ስለጎዳ፣ ከሠሪዎቹ መካከል በኋለኛ ሞዴሎቻቸው ወደ ሰንሰለት የተመለሱ አሉ። እንግዲህ የግዴታው መልክ ይለዋወጣል እንጂ ግዴታው አልተሻረም።

የኤሌክትሪክ መኪና ቫልቭም ካም ሻፍትም ስለሌለው የጥርሳሙ ቀበቶ ታሪክ በመጨረሻ በዚያ ሊዘጋ ይችላል። ኢትዮጵያም በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች። ነገር ግን ይህ ውሳኔ በአገር ውስጥ ያሉትን ሞተሮች አላስወገዳቸውም፤ እንዲያውም የሚተካቸው ሌላ ባለ ሞተር መኪና ስለማይገባ ከቀድሞው ይልቅ ረዥም ዘመን እንዲያገለግሉ ግድ ይሆናል። በአንድ የተጣመመ ቫልቭ ምክንያት የሚቆም ኮሮላ ወይም በሩቅ ወረዳ መንገድ ላይ የሚቀር የሕክምና ላንድክሩዘር ዋጋው ከትናንት ይልቅ ነገ ይከብዳል።

በብዙ አገር የተለመደ አንድ ትንሽ ልማድ አለ። ቀበቶውን የለወጠ ሰው ቀኑንና ርቀት መቁጠሪያው የሚያሳየውን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጽፎ በሞተሩ መክደኛ ሥር ይለጥፋል። ወረቀቱ ከቀበቶው ጋር ሲነጻጸር ዋጋ የለውም ለማለት ይቻላል። ሆኖም ቀበቶው ሊናገር የማይችለውን የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው፤ መኪናው ሲሸጥም ለቀጣዩ ባለቤት ያልፋል። ያለ መዝገብ መኪና የተረከበ ሰው ቀበቶውን እንዳረጀ ቆጥሮ በጋራዥም ሆነ በግቢው ይለውጥ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን መሥመር በራሱ እጅ ይጻፍ። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ባለ መኪና ከዚያ መሥመር ቀጥሎ ይቈጥራል።